ቲቸር ምንትዋብ እና ያልተሸጠው በሬ

በዚህ ዓለም ላይ ሰውን በዱላ ሳይነኩ የሚያሰቃዩ መምህራን አሉ፤ ከሁሉም የሚብሱት መልሱን እያወቁ የማይናገሩት ናቸው። እናንተም አንድ ጊዜ ሳይገጥሟችሁ አልቀሩም። ጥያቄ ይጠይቃሉ። እጃችሁን ታወጣላችሁ፤ ትመልሳላችሁ። «ልክ ነህ» አይሉም፤ «ተሳስተሃል» አይሉም። ራሳቸውን ቀስ አድርገው ይነቀንቁና ወደሚቀጥለው ልጅ ይዞራሉ። እናንተ ትመረቃላችሁ፣ ታገባላችሁ፣ ትወልዳላችሁ፣ ዕድል ከቀናችሁ ኮንዶሚኒየም ይደርሳችኋል፤ ያቺ ጥያቄ ግን እዚያው እንደቆመች ናት።

ለእኛ ቤት የደረሱን ክብርት ቲቸር ምንትዋብ ናቸው። «ክብርት» የሚለውን ማዕረግ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፤ የሰጠኋቸውም በንዴት ነበር።

ወደ ስድሳ ይጠጋሉ። ቀጭን ናቸው፤ መነጽራቸው በክር ታስሮ ደረታቸው ላይ ይውላል፤ ግራጫ ሹራባቸውን ክረምት ከበጋ አያወልቁም። ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ የሰማ የለም። ትምህርት ቤቱ ያለው ቦሌ ቡልቡላ ስለሆነ አውሮፕላን በየጊዜው ጣሪያ ጣሪያውን ያልፋል። ሌሎቹ መምህራን ከአውሮፕላኑ ጋር እየተፎካከሩ ይጮኻሉ። ቲቸር ምንትዋብ ግን ዓረፍተ ነገሩን መሐል ላይ አቁመው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ፤ ሲያልፍ ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ። እንደ ልጆቹ አባባል፣ አንዳንዱ አውሮፕላን አፍሮ ቶሎ ያልፋል።

ሁለት አባባሎች አሏቸው። አንደኛው «ሊሆን ይችላል» ነው። ሁለተኛው «የት ላይ አገኘሽው?» ነው። ለወንድ ልጅ «አገኘኸው» ይሆናል፣ ለአባት ደግሞ «አገኙት»። ከእነዚህ ውጭ ለመኖር ሌላ ቃል የሚያስፈልጋቸው አይመስልም።

ልጄ ፌናን ዐሥር ዓመቷ ነው። አባት ስለ ልጁ ጉብዝና ሲያወራ ማመን አያስፈልግም፤ ስለዚህ የደረሰብኝን ብቻ እናገራለሁ። ገና አራት ዓመት ሳይሞላት ታክሲ ውስጥ የተለጠፉትን ጥቅሶች ጮክ ብላ ታነብ ነበር፤ አንዳንዶቹ በሕፃን አፍ የሚነበቡ አልነበሩም። ሰባት ዓመቷ ላይ ጋዜጣ ላይ የምጽፈውን ዓምድ አንብባ ጨረሰችና «አባ፣ መጨረሻው ላይ ደክሞህ ነበር?» አለችኝ። ደክሞኝ ነበር።

ጎበዝ ልጅ ያለው ሰው ያስቀናል ይባላል። እኔ ያየሁት ልዩነት ከትምህርት ቤት ስልክ የሚበዛበት መሆኑን ነው። ፌናን መምህሯ ጥያቄውን ሳይጨርሱ መልሱን ትናገራለች፤ ከዚያ የቀረውን ክፍለ ጊዜ ምን እንደምታደርገው አታውቅም። አንዳንዴ ጎኗ ያለችውን ልጅ ጸጉር ትጎነጉናለች። አንዳንዴ መምህሯን ታርማለች። መጀመሪያ የሚደወለው ስለ ጸጉሩ ነው፤ ስለ እርማቱ ሲሆን «ቢመጡ ይሻላል» ይባላል።

ርእሰ መምህሩ አቶ አረጋዊ ጠብ የማይወዱ ሰው ናቸው፤ ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ ለሁለቱም «እውነትዎን ነው» ይላሉ። እሳቸው ናቸው እንደ ፌናን ያሉትን ልጆች ከአራተኛና ከአምስተኛ ክፍል ለቃቅመው ቅዳሜ ጠዋት የሚገናኝ የንባብ ቡድን ያቋቋሙት፤ ስሙንም «ንስሮቹ» አሉት። ባለቤቴ አልጣሽ ይህን ለዕድሩም፣ ለጸጉር ቤቱም፣ ከታች ላለው ባለሱቅም ነገረች። ባለሱቁ እስካሁን ፌናንን «ንስር» እያለ ነው የሚጠራት። ቡድኑን እንዲይዙ ደግሞ ጡረታ ወጥተው የነበሩት ቲቸር ምንትዋብ ተጠሩ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ፌናን ቦርሳዋን ባዶ አድርጋ ሄደች፤ በመጻሕፍት ተሞልቶ ይመለሳል ብላ። የተመለሰችው አንድ ወረቀት ይዛ ነው። ወረቀቱም አልሞላም። እንዲህ ይላል፦

«አንድ ገበሬ ያረጀ በሬ ነበረው። በዚያ ዓመት ዝናብ ቀረ። ሚስቱ ‹በሬውን ሽጠው› አለችው። ሰውየው ጎህ ሲቀድ በሬውን እየነዳ ወደ ገበያ ወረደ። ገበያው ሞልቶ ነበር። ሲመሽ ከነበሬው ተመለሰ። ሚስቱ ‹ምነው?› አለችው። ‹የሚገዛ ጠፋ› አላት። ሴት ልጁ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰውየው በሬውን ውሃ አጠጣው፤ ከዚያ በኋላ ራሱ ጠጣ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። የጻፈው ሰው ስም የለም። ከሥሩ አንዲት ጥያቄ አለች፦ ሰውየው ዋሽቷል?

ክፍል ውስጥ የሆነውን ፌናን የነገረችን እያለቀሰች ነው።

«ማንም ሳይቀድመኝ እጄን አወጣሁ» አለች። «‹አዎ፣ ዋሽቷል› አልኩ። ‹ሊሆን ይችላል፤ የት ላይ አገኘሽው?› አሉኝ። እኔም አገኘሁት። ‹ገበያው ሞልቶ ነበር› ይላል። ገበያው ከሞላ ገዢ አለ ማለት ነው። ገዢ ካለ ‹የሚገዛ ጠፋ› ማለቱ ውሸት ነው።»

እኔ በልቤ አጨበጨብኩ። ጠበቃ የሚከፈለው ለዚህ ነው።

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?» አለች አልጣሽ።

«‹በምን ሞልቶ ነበር?› አሉኝ።»

አልጣሽ ወረቀቱን ሳብ አድርጋ እንደገና አየችው።

«ዝናብ ቀርቷል» አለች ፌናን፣ አፍንጫዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። «ሁሉም ሰው በሬውን ሊሸጥ ሄዶ ከሆነስ? የሞላው በሻጭ ብቻ ከሆነስ? አይልም፣ እማ። ደጋግሜ አየሁት። በምን እንደሞላ አይልም።»

ልጄ ጥያቄ ሲያቅታት በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር። ያለቀሰችው ለበሬው አዝና አልነበረም። ሁልጊዜ ቀድማ የምትደርስ ልጅ ናት፤ ያን ቀን ሮጣ ሮጣ መድረሻውን አጣችው። እንዲህ ያለ ልጅ አለማወቅን ከበሽታ አይለየውም። ራት አልበላም ብላ ተኛች። እኔም ሰኞ ሄጄ ይህችን ሴትዮ ላነጋግር ወሰንኩ። «ክብርት» ያልኳቸው ያን ዕለት ነው።

የሄድኩት በጨዋ ደንብ ነው። እኔ ቡልቡላ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ አሁን አምስተኛ ፎቅ ላይ የምንኖርበት ሕንፃ የቆመው አባቴ ሲያርሰው በኖረው መሬት ላይ ነው። ስለ በሬ የሚነገረኝ ነገር የለም። በዚያ ላይ እንጀራዬ መጻፍ ነው። የአንዲት ገጽ ታሪክ ልጅ ሲያስለቅስ ዝም ብዬ የማይ አልመሰለኝም።

«ቲቸር፣ ልጄ እያለቀሰች ነው የተኛችው» አልኳቸው።

«እርስዎ ታሪኩን አነበቡት?» አሉኝ።

«አንብቤዋለሁ። ሰውየው አልዋሸም። በድርቅ ዓመት ያረጀ በሬ ማን ይገዛል?»

«ሊሆን ይችላል። የት ላይ አገኙት?»

«የገበሬ ልጅ ነኝ።»

«እሱማ የእርስዎ አባት ነው» አሉ፣ በትሕትና። «እኔ የምጠይቅዎ ስለዚህኛው ሰውዬ ነው። እንደማይሸጥለት ካወቀ ለምን ጎህ ሲቀድ ወጣ?»

አውሮፕላን መጣ። ሁለታችንም ጠበቅን። እኔ ረጅም አውሮፕላን እንዲሆን ተመኘሁ። ሲያልፍ ጥያቄው እንደነበረ ነው።

«ሚስቱ ስላለችው» አልኩ።

«እሱ ጥሩ ነው» አሉ። «እሱ ወረቀቱ ላይ አለ።»

አመስግኜ ወጣሁ። ልከራከር እንደሄድኩ ትዝ ያለኝ ታክሲ ውስጥ ገብቼ፣ ሒሳብ ከፍዬ፣ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። «እሱ ጥሩ ነው» ስላሉኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሰላም አጣ። ፌናን ማልቀሷን ትታ በሽታውን ለእኛ አስተላለፈችው። አልጣሽ «ላይኛው ፎቅ ያለችው ሴትዮ ኩራተኛ ናት» ስትል ፌናን ከሶፋው ላይ «የት ላይ አገኘሽው?» ትላለች። አልጣሽ ታስባለች፤ ያገኘችው ሴትዮዋ ሊፍት ውስጥ ሰላም አለማለቷን ነው። «ስልክ እያወራች ነበር?» ትላለች ልጅቷ። ስልክ እያወራች ነበር። በማግስቱ አልጣሽ ለሴትዮዋ ሎሚ ላከችላት።

አጎቴ ሊጠይቀን መጥቶ፣ እግሩን አንፈራጦ፣ የዛሬ ልጆች ማንበብ እርም ብለዋል አለ። ፌናን የት ላይ እንዳገኘው ጠየቀችው። «ይታወቃል» አለ። «እርስዎ በቅርብ ያነበቡት ምንድን ነው?» አለችው፣ ከልቧ ማወቅ ፈልጋ። አጎቴ ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወዲህ ያነበበው ነገር የመብራት ቆጣሪ ብቻ ነው። ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ቤት ልንቀይር ስናስብ የመጣው ደላላ ደግሞ «ለኤርፖርት ቅርብ ነው፣ ጸጥታው ደግሞ ልዩ ነው» አለን። ፌናን ጣቷን አንሥታ «ሁለቱም አንድ ላይ?» አለችው። ደላላው እኔን አየ። እኔ ጣሪያውን አየሁ። ቤት ሳንቀይር ቀረን።

ይህ መከራ የእኛ ብቻ እንዳልሆነ የተረዳሁት የወላጆች ስብሰባ ሲጠራ ነው። የጠሩት የወላጅ ኮሚቴ ሰብሳቢው አቶ ዘርአጽዮን ናቸው። መድኃኔዓለም አካባቢ የሴራሚክ መደብር አላቸው፤ ልጃቸው አብኔዘር ከአምስተኛ ክፍል አንደኛ ነው። አቶ ዘርአጽዮን የልጃቸውን ስም ከነውጤቱ ነው የሚጠሩት። ልጁ ራሱ ግን ድምፁ የማይሰማ፣ ከተጠየቀው በላይ አንድ ቃል የማይጨምር ልጅ ነው።

«ልጄ በአማርኛ ዘጠና ስምንት የሚያመጣ ልጅ ነው» አሉ ተነሥተው። «አሁን ስለ በሬው ስጠይቀው ‹ሊሆን ይችላል› ይለኛል። እኔ የምጠይቀው፣ ‹ሊሆን ይችላል› ከመቶ ስንት ነው? ኖት የለም፣ ፈተና የለም፣ መልስ የለም። አንድ በሬ ይዘን አንድ ወር ሆነን።»

ተጨበጨበ። አቶ አረጋዊ «እውነትዎን ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ቲቸር ምንትዋብ ዞረው፣ ገና ምንም ሳይናገሩ፣ «እርስዎም እውነትዎን ነው» አሏቸው።

ቲቸር ምንትዋብ ራሳቸውን አልተከላከሉም። ያንን ወረቀት ለእያንዳንዳችን አደሉን። «እባካችሁ አንብቡት» አሉ፤ ተቀመጡ።

አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ አነበበ። ከዚያ ከኋላ አንድ አባት «ይሄ ምን ያከራክራል? ዋሽቷል» አለ። ጎኑ ያለች እናት «ለማን ብሎ ይዋሻል?» አለችው። ሚስቱ አልነበረችም፤ ግን እንደ ሚስት ነው የተቆጣችው።

«ልሸጥ ብሎ የወጣ ሰው አይደለም» አሉ አቶ ዘርአጽዮን፣ ወረቀቱን በጣታቸው እየመቱ። «እኔ ነጋዴ ነኝ። ለመሸጥ የቆረጠ ሰው መልኩ ያስታውቃል። መጨረሻው ላይ እዩት፤ ከራሱ በፊት በሬውን ነው ያጠጣው። ገበያ መሐል አቁሞት ‹ስንት ነው?› ሲሉት ሳይሰማ እንደቀረ እምላለሁ።»

«ልጅቷስ ምን ልትበላ?» አለች አልጣሽ። ባለቤቴ ስብሰባ ላይ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። «ዝናብ የለም። ሚስትየዋ ሽጠው ያለችው በሬ ጠልታ መሰላችሁ? ወደደው እያላችሁ ታደንቁታላችሁ፤ ድስቱን የምታየው እሷ ናት።»

«ይህንን አላየሁትም ነበር» አሉ አቶ ዘርአጽዮን፤ ወንበራቸውን አዙረው ወደ እሷ ቀረቡ።

ለምን እንደተሰበሰብን ማንም ሳያስታውስ ሰዓቱ አለቀ። ሰዎች መኪና ማቆሚያው ድረስ እየተከራከሩ ወጡ።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ግን አቶ አረጋዊ ሁለቱንም ወገን ማስደሰት ስላለባቸው፣ ቡድኑ ይቀጥል፣ ነገር ግን ቲቸር ለጥያቄው ትክክለኛውን መልስ ጽፈው ያስገቡ አሉ።

«አላውቀውም» አሉ ቲቸር ምንትዋብ።

አቶ አረጋዊ ፈገግ አሉ። እኛም የሰማነው ፈገግ አልን፤ የተለመደው ጠባያቸው መስሎን።

«ለፋይል ብቻ ነው፣ ቲቸር።»

«ለፋይልም አላውቀውም።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጡም። በቦታቸው የመጣው ወጣት መምህር አክሊሉ ይባላል። መልካም ልጅ ነው፤ ላፕቶፕ አለው፣ ስላይዱ በቀለም ያሸበረቀ ነው። ሰውየው ዋሽቷል፤ ምክንያቱም ገበያው ሞልቶ ነበር፤ የታሪኩ መልእክት «ውሸት መጥፎ ነው» የሚል ነው። ልጆቹ ይህንን ገለበጡ፤ ተፈተኑ። ፌናን ዐሥር ከዐሥር አመጣች።

የተመኘነው ሁሉ ሆነ። ቤታችን ጸጥ አለ። አልጣሽ የፈለገችውን ሰው ኩራተኛ ብትል የሚጠይቃት የለም። ፌናን ቅዳሜ ከክፍል ትመጣለች፣ ቦርሳዋን ታስቀምጣለች፣ ስልኳን ይዛ ሶፋው ላይ ትወድቃለች። የጎኗን ልጅ ጸጉር እንደገና መጎንጎን ጀምራለች፤ ተደውሎልናል።

«እንግዲህ ሰውየው ዋሽቷል?» አልኳት አንድ ቀን።

«አዎ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ፈተናው ላይ እንደዚያ ነው» አለች፣ ከስልኩ ላይ ቀና ሳትል።

ከአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሰማሁት እንጂ ከልጄ የሰማሁት አልመሰለኝም። ቀኑን ሙሉ ከፋኝ።

አቶ ዘርአጽዮን የደወሉልኝ በዚያው ሳምንት ነው። ሰላምታ እንኳ አላስረዘሙም።

«አቶ ቶሌራ፣ የእርስዎ ልጅ ቤት ውስጥ ታወራለች?»

«ቀንሳለች።»

«የእኔ አቁሟል» አሉ። «ስለዚያ በሬ ከእኔ ጋር ተከራክሮ ነበር እኮ። ‹ዳዲ፣ ተሳስተሃል› አለኝ። ልጄ ተሳስተሃል ብሎኝ አያውቅም። ያን ጊዜ ተቆጣሁት። አሁን ግን ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብለን ሹካው ነው የሚሰማኝ። የቲቸርን ቤት ያውቁታል?»

ቅዳሜ ጠዋት ልጆቹን ወደ ክፍል መውሰዱን ትተን በአቶ ዘርአጽዮን መኪና ወደ ገርጂ ይዘናቸው ሄድን። ብርቱካንና ሙዝ ገዝተናል፤ የታመመ ሰው የምንጠይቅ እንመስላለን። የቲቸር ምንትዋብ ቤት ከአንድ ግቢ ውስጥ ጓሮ ያለች ሁለት ክፍል ናት። መጀመሪያ ልጆቹን አስቀመጡ፤ እኛን በኋላ። ሻይ ቀዱልን። ግራጫው ሹራብ ላያቸው ላይ ነው።

አቶ ዘርአጽዮን የመጡበትን እንደ ነጋዴ አቀረቡ። «ቲቸር፣ ይመለሱ። አንድ መልስ ጽፈው ይስጧቸውና ነገሩ ይለቅ።»

«የማላውቀውን አልጽፍም» አሉ።

«እንግዲያው ታሪኩን የጻፈውን ሰው እንጠይቅ። ስልኩ ካለ እኔ እደውላለሁ።»

ቲቸር ምንትዋብ የሻይ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስተካከሉ።

«የጻፉት እርስዎ ነዎት» አለች ፌናን።

ሁላችንም ዞር ብለን አየናት። እጇን አላወጣችም፤ ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

«የት ላይ አገኘሽው?» አሉ ቲቸር ምንትዋብ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው አልነበረም።

«‹ሴት ልጁ በሩ ላይ ቆማ ነበር› ይላል» አለች ፌናን። «ልጅቷ ምንም አታደርግም። ምንም አትናገርም። ብትወጣ ታሪኩ አይጎድልም። እዚያ ቆማ ያየች ሰው ካልሆነች በቀር እሷን ማን ይጽፋታል?»

ቲቸር ምንትዋብ መነጽራቸውን አወለቁ። እኔ ሻዬን ማስቀመጥ ፈልጌ፣ ድምፅ እንዳያሰማ ፈርቼ፣ በእጄ ይዤው ቀረሁ።

«ሰውየው አባቴ ነው» አሉ በመጨረሻ። «መንዝ ነው አገራችን። እናቴ ዋሽቷል እንዳለች ሞተች። እሱም አንድ ቀን አልተከራከራትም፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት። ያን ዓመት ተርበናል። እኔ ከእናቴ ጋር ነበርኩ፤ ከእኛ አስበልጦ በሬውን መረጠ እል ነበር። አድጌ፣ ተምሬ፣ አዲስ አበባ ገብቼ እንኳ እሱን ልጠይቅ ስሄድ ከአንድ ቀን በላይ አላድርም ነበር።»

መነጽራቸውን በሹራባቸው ጠርዝ ጠረጉት።

«ኮተቤ ሳስተምር ታሪኩን ጽፌ ለልጆች ሰጠሁ። ስለ ውሸት ላስተምርበት ነበር ሐሳቤ። መልሱንም አዘጋጅቼ ነበር። አንዲት ልጅ ተነሥታ ‹ቲቸር፣ ገበያው በምን ሞልቶ ነበር?› አለችኝ።»

መነጽራቸውን መልሰው ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

«ያን ሁሉ ዓመት አስቤው አላውቅም። አንድም ቀን። የልጅ ዓይኔ በሬውን ሲመለስ ነው ያየው፤ ገበያውን አላየሁትም። አባቴ ያን ጊዜ ሞቶ ነበር።»

«እና አልዋሸም?» አለ አብኔዘር። ቤቱ ከገባን ጀምሮ የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

«አላውቅም፣ ልጄ» አሉት። «ድሮ አውቃለሁ እል ነበር። ከዚያች ልጅ በኋላ አላውቅም ማለት ቻልኩ፤ ለአባቴ የሰጠሁት ይህንን ብቻ ነው። አሁን መልሱን ጽፌ ብዘጋው፣ ቀጥላ የምትመጣዋ ልጅ ምን ትጠይቀኛለች?»

ፌናን ተነሥታ ሄደችና አጠገባቸው ተቀመጠች። ምንም አላለችም። ልጄ ምንም ሳትል ስትቀመጥ ያየሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። እኔም እኚህን ሴትዮ አልወዳቸውም እያልኩ ለስንት ሰው እንዳወራሁ አሰብኩ፤ ለእያንዳንዱ መልሼ መደወል ሊኖርብኝ ነው።

መኪናው ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳያስነሡ አቶ ዘርአጽዮን ለርእሰ መምህሩ ደወሉ። «መልስ የሚባለው ነገር ይቅር። ቲቸር የሚቀጥለው ቅዳሜ ይመጣሉ፤ ኮሚቴው ይህን ነው የሚፈልገው» አሉ። አቶ አረጋዊ «እውነትዎን ነው» ሲሉ እኔም ሰማሁ።

ገና ከገርጂ ሳንወጣ አብኔዘር ከኋላ ወንበር ጀመረ።

«እኔ ግን የማዝነው ለእናትየዋ ነው» አለ። «ዋሽቷል ብላ ካመነች፣ ሁልጊዜ ከውሸታም ጋር ነው የኖረችው። ባይዋሽስ? ታዲያ ከማን ጋር ነበር የኖረችው?»

«ለምን አልነገራትም ታዲያ?» አለች ፌናን።

«ነግሯታል። ‹የሚገዛ ጠፋ› ብሏታል። እሷ ናት ያልሰማችው። ዳዲ፣ አንተ አንድ ነገር ብለኸኝ ሳላምንህ ብቀር ስንት ጊዜ ትደግመዋለህ?»

አቶ ዘርአጽዮን በመስታወቱ አዩት። «አንድ ጊዜ» አሉ። «ከዚያ እተወዋለሁ።»

«አየህ» አለ ልጁ። ወደ ፊት ተጠግቶ፣ እጁን በሁለታችን ወንበር መሐል አስገብቶ፣ ስለ ሰውየው፣ ስለ ልጅቷ፣ ስለ ሽያጭ፣ ስለ ውሃው ያወራ ጀመር። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ሰምቼው ስለማላውቅ ቀጭን ይመስለኝ ነበር።

ኢምፔሪያል ጋ ስንደርስ ወደ ቦሌ መታጠፍ ነበረብን። አቶ ዘርአጽዮን መታጠፊያውን አዩት፤ ፍሬቻ አላበሩም፤ ወደ መገናኛ ቀጥ አሉ። ቅዳሜ ከቀትር በፊት፣ መኪናው ሁሉ ተጨናንቆ በሚቆምበት ሰዓት፣ በፈቃዱ ወደ መገናኛ የሚነዳ ሰው አላውቅም። ጽሑፌን ማስረከብ የነበረብኝ ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። ዝም አልኩ፤ የልጁ ንግግር በመንገዱ ጫጫታ እንዳይዋጥ መስኮቱን ዘጋሁት።